ሰዓት የሌለው ፈተና

እኛ ቤት ሎተሪ ያልገባበት ነገር የለም። ወደዚህ አገር የመጣነው በዲቪ ነው። ልጃችን ቻርተር ትምህርት ቤት የገባችውም በዕጣ ነው። ቻርተር የሚሉት መንግሥት እየከፈለለት በራሱ ሥርዓት የሚተዳደር ትምህርት ቤት ነው፤ ከቦታው ፈላጊው ስለሚበዛ ዕጣ ያወጣሉ። ስሟ የወጣ ቀን ባለቤቴ እልል አለች። እኔ ወዲያው የታየኝ መንገዱ ነበር። የምንኖረው ኖርዝ ላስ ቬጋስ ነው፤ ትምህርት ቤቱ ያለው ራቅ ብሎ ሴንቴኒያል ሂልስ ነው፤ ልጆች የሚያመላልስ አውቶቡስ ደግሞ የለውም።

እንግዲህ የእኔ ነገር እንዲህ ነው። ሌሊቱን መጋዘን ውስጥ ካርቶን ሳነሳ አድራለሁ። እጄ ላይ የታሰረችው ስካነር በሰዓት ስንት እንዳነሳሁ ትቆጥራለች፤ ስዘገይ ትጮህብኛለች። ጠዋት ከዚያ ወጥቼ ልጄን ከቤት እወስዳታለሁ፤ አድርሻት ስመለስ ፀሐይዋ ፊት ለፊት ዓይኔ ውስጥ ትገባለች። ቤት ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ የተኛሁበት ቀን ብዙ ነው። ከሰዓት ደግሞ ተነስቼ ላመጣት እሄዳለሁ። ሰው «እንዴት ነህ?» ሲለኝ «ደክሞኛል» እላለሁ፤ ስሜ እስኪመስል ድረስ።

የትምህርት ቤቱ ዝና ባለ አምስት ኮከብ መሆኑ ነው። ባለቤቴ ስትሪፕ በሚሉት የቁማር ቤቶች ጎዳና ላይ ባለ አራት ኮከብ ሆቴል ውስጥ አልጋ ታነጥፋለች፤ ልጇ ባለ አምስት ኮከብ ውስጥ ትማራለች። መጀመሪያ ሰሞን በዚህ እንስቅ ነበር። ሜሪላንድ ፓርክዌይ መንገድ ላይ ያለው የሐበሻ ሱቅ በርበሬ ልገዛ ስገባ እንኳ ወላጆች «የአንተዋ ስንት ኮከብ ነው የምትማረው?» ይሉኛል፤ «አምስት» ስል ሰው ሁሉ ዞር ብሎ ያየኛል። መንግሥት ለትምህርት ቤቱ ኮከቡን የሚሰጠው ልጆቹ በየዓመቱ በሚፈተኑት የንባብና የሒሳብ ፈተና እንደሆነ የገባን በኋላ ነው። ኮከቡን የተሸከሙት ልጆቹ ናቸው ማለት ነው። ያን ጊዜ ሳቃችን ቀነሰ።

ልጄ ሒሳብ አይከብዳትም። ንባብ ግን ጠላቷ ነበር። ሦስተኛ ክፍል እያለች፣ ከፈረንጆቹ ገና በኋላ መምህሯ እኔንና ባለቤቴን ጠራችን። ላፕቶፗን ወደ እኛ አዙራ ሁለት መስመር አሳየችን፤ አንዱ አረንጓዴ፣ አንዱ ቀይ። ቀዩ ንባቡ ነው።

«ልጃችሁ ማንበብ ትችላለች» አለችን። «ግን የምታነበው ቀስ ብላ ነው። ሌሎቹ ጨርሰው ላፕቶፓቸውን ሲዘጉ ስታይ ትደነግጥና የቀረውን ዝም ብላ ትነካካዋለች።»

ቀጥላም በፀደይ የሚሰጠውን የንባብ ፈተና ካላለፈች ሦስተኛ ክፍልን እንደምትደግም ነገረችን። በደግ አንደበት ነው የነገረችን፣ ፈገግ ብላ። የዚህ አገር ሰው ክፉ ወሬ ሲነግርህ ፈገግ ይላል፤ እስካሁን አልለመድኩትም።

ልጅቷ እዚያው ተቀምጣ ሁሉንም ሰምታለች። ወደ ቤት ስንመለስ ከኋላ ወንበር ላይ ሆና «ጓደኞቼ ወደ አራተኛ ሲሄዱ እኔ ከትንንሾቹ ጋር ልቀር ነው?» አለችኝ። በእንግሊዝኛ ነው የጠየቀችኝ፤ ነገሩ ቁም ነገር ሲሆን አማርኛዋ አይበቃትም። «አትቀሪም» አልኳት። ምን ይዤ እንደዚያ እንዳልኳት እንጃ።

ነገሩን የያዙት አማቼ ናቸው። የባለቤቴ አባት ከእኛ ጋር መኖር ከጀመሩ ቆይተዋል። ደብረ ብርሃን ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲያስተምሩ፣ ዳይሬክተር ሆነው ሲያስተዳድሩ፣ ፈተና በመጣ ቁጥር ደግሞ አዳራሽ ሙሉ ተማሪ ሲፈትኑ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ልጄ «አባባ» ትላቸዋለች፤ እኔም እንደ እሷ። ላስ ቬጋስ ከመጡ ወዲህ ሥራቸው ቴሌቪዥን ማየትና ፀሐይ ሳትበረታ የአፓርታማውን ግቢ መዞር ብቻ ነበር።

«ስንተኛ ወጣች?» አሉኝ የዚያን ዕለት።

«እዚህ ደረጃ የለም፣ አባባ። ቀይና አረንጓዴ ነው።»

«የመኪና መብራት ነው እንዴ?»

መምህሯ ያለችውን ስነግራቸው ግን ፊታቸው በራ። ለስንት ዓመት ማንም ያልጠየቃቸውን ጥያቄ ሰው የጠየቃቸው ይመስል ተስተካክለው ተቀመጡ።

«ይሄማ የንባብ ችግር አይደለም» አሉ። «መቸኮል ነው። ሰው ፈተና የሚወድቀው ባለማወቁ ይመስልሃል? ጓደኛው ወረቀት ሲያስረክብ እያየ ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። ለእኔ ተዋት።»

ተውኩላቸው። ሌላስ ምን አቅም ነበረኝ?

ከዚያ ቀን ጀምሮ የምግብ ጠረጴዛችን ከሰዓት በኋላ የፈተና አዳራሽ ሆነ። አባባ ኮታቸውን ይለብሳሉ፤ ቤት ውስጥ፣ በዚያ ሙቀት። እሷ ከትምህርት ቤት ያመጣችውን መጽሐፍ ታነባለች፤ እሳቸው እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ከጀርባዋ ይመላለሳሉ። ሕጋቸው አንድ ነው፤ ፈታኙ «በቃ፣ እርሳስ አስቀምጡ» ሳይል ከወንበር መነሳት የለም። ጨረስኩ ስትል «እንደገና እይው» ይሏታል። ውሃ ጠማኝ ስትል «ሲያልቅ» ይሏታል። እኔ ሶፋው ላይ ተጋድሜ በአንድ ዓይኔ አያቸዋለሁ። አንዳንዴ ንድድ ይለኛል።

«አባባ፣ ልጅ ናት እኮ። ትንሽ ትጫወት እንጂ።»

«አንተ ተኛ» ይሉኛል።

መጨረሻ ላይ ደረታቸውን ነፍተው «በቃ፣ እርሳስ አስቀምጡ!» ይላሉ፤ ለመቶ ተማሪ እንደሚናገር ሰው። እርሳስ እንኳ ያልያዘችው ልጄ እየሳቀች ሁለት እጇን ወደ ላይ ታነሳለች። እውነቱን ለመናገር ጨዋታውን ወደደችው። መቀመጡንም ለመደችው። እሳቸውም በየጠዋቱ ጢማቸውን መላጨት ጀመሩ።

አንድ ነገር ግን ማናችንም አላወቅንም። የዚህ አገር ፈተና ሰዓት የለውም። ልጁ እስኪጨርስ ይጠበቃል፤ መጨረሱን የሚናገረው ራሱ ነው፤ ኮምፒውተሩ ላይ «ጨርሻለሁ» የምትለውን ነክቶ ይወጣል። «በቃ» የሚል ፈታኝ የለም። ሰዓት የሌለው ፈተና ማን ሰምቶ ያውቃል? እኛ አገር የፈተና ግማሹ ሰዓት ነው። ሰውን የሚያስጨንቀውም፣ መጥቶ የሚገላግለውም እሱ ነው።

የንባብ ፈተናው ዕለት አድርሻት ተመለስኩና ተኛሁ። ስልክ የቀሰቀሰኝ ወደ ቀትር ገደማ ነው። የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ናት። «ልጅህ ደህና ናት» አለችኝ ገና ከመጀመሪያው፤ እንደዚያ ሲሉ ነው የምፈራው። «ግን ቅያሪ ልብስ ይዘህላት ብትመጣ ጥሩ ነው።»

ቅያሪ ልብስ ለምን? ወደቀች? የሆነ ነገር ተደፋባት? ሱሪና ካልሲ አፋፍሼ ስወጣ አባባ ኮታቸውን ለብሰው በሩ ላይ ቆመዋል። «እኔም እመጣለሁ» አሉ። 

የተቀበለችን ፈተናውን ስትጠብቅ የዋለችው ረዳት መምህርት ናት። ወጣት ናት፤ ፊቷ ቀልቷል። ቀስ አድርጋ ነገረችን። ሌሎቹ ልጆች ጠዋቱን እየጨረሱ ለጨዋታ ወጥተዋል። ልጄ ብቻዋን ቀረች። «ጨረስሽ?» ሲሏት «አልጨረስኩም» አለች። «ዕረፍት ትፈልጊያለሽ?» ሲሏት «አልፈልግም»። ዓይኗ ከኮምፒውተሩ ስላልተነሳ ተዋት፤ እንዲያውም ደስ አላቸው። የምሳ ሰዓት ደርሶ «በይ ተነሺ፣ በልተሽ ትመለሻለሽ» ሲሏት ወንበሩን በሁለት እጇ ጭምድድ አድርጋ ያዘች። ያን ጊዜ ነው ወለሉን ያዩት።

«ሽንት ቤት መሄድ እንደሚቻል እኮ ታውቃለች» አለች ረዳቷ። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «ደጋግሜ ጠይቄያት ነበር።»

ለመቆጣት ተዘጋጅቼ ነበር የሄድኩት። ማንን ልቆጣ? ረዳቷን እንዳልቆጣ ከእኔ ብሳ ልታለቅስ ነው። አባባን እንዳልቆጣ አጠገቤ ቆመዋል፤ እንግሊዝኛውን አንድ በአንድ ሰምተዋል።

ልጄ የትምህርት ቤቱ ነርስ ክፍል ውስጥ ብርድ ልብስ ለብሳ ተቀምጣለች። እኔን አየችኝና አለፈችኝ፤ የምትፈልገው እሳቸውን ነው።

«አባባ፣ አልተነሳሁም» አለቻቸው።

ጥፋቷን አይደለም የምትነግራቸው። ጉብዝናዋን ነው። አንጀቴን በላችው። አባባ እርጥቡ ልብስ የታሰረበትን ፌስታል ከረዳቷ እጅ ተቀበሉ፤ መኪና ውስጥም ጭናቸው ላይ አድርገው ይዘውት ሄዱ። «ከስር ያድርጉት፣ አባባ፣ ልብስዎን ያበላሽብዎታል» ብላቸው አልሰሙኝም። ቤት ስንደርስ መታጠቢያ ቤት ገብተው ዘጉ። ማጠቢያ ማሽን እያለን ያቺን ትንሽ ሱሪ በእጃቸው ሲያሹ ድምፁ ይሰማኝ ነበር። ያን ቀን ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠ ሰው አልነበረም።

ባለቤቴ ከሥራ ስትገባ ነገርኳት። አባቷን መቆጣት ስላልቻለች እኔን ተቆጣችኝ። «አንተ ተኝተህ ነበር» አለችኝ። እውነቷን ነው። ሁልጊዜ ወይ ተኝቻለሁ፣ ወይ መተኛት አምሮኛል። ትምህርት ቤቱ ፈተናውን እንዳቆመውና ነገ ካቆመችበት መቀጠል እንደምትችል ተናግሯል። ካልቀጠለች ግን ፈተናው እንዳልተጠናቀቀ ይቆጠራል፤ ያ ደግሞ መድገም ማለት ነው። ባለቤቴ ትሂድ አለች። እኔ ትቅር አልኩ። ብዙም አልተከራከርንም፤ እሷም ቆማ ስትሠራ የዋለች ሴት ናት። «ጠዋት ራሷ ትወስን» አለችና እግሯን ሙቅ ውሃ ውስጥ ከተተች።

ጠዋት ከሥራ ተመልሼ ልጄን ይዤ ስወጣ አባባ ማንም ሳይጠራቸው ቀድመው መኪናው ውስጥ ገብተው ከኋላ ተቀምጠው አገኘናቸው። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ልጆች የሚያወርዱ መኪኖች ሰልፍ አለ። ተራችን ደርሶ በሩ ሲከፈት ልጄ ከአያቷ አጠገብ ንቅንቅ አላለችም። ከኋላችን ያለው መኪና ጥሩምባ ነፋ። ከሰልፉ ወጥቼ ጥግ ላይ ፓርክ አደረግሁ።

«ሁሉም ያውቃሉ» አለች።

«ካልፈለግሽ እንመለስ» አልኳት። «ሦስተኛ ክፍልን ብትደግሚ ሰማይ አይደፋብንም።»

ከልቤ ነው ያልኩት። ያን ያህል ነው የደከመኝ። አምስቱም ኮከብ አንድ ላይ ተጠራርገው ቢወድቁ ግድ አልነበረኝም። አባባ ይቃወሙኛል ብዬ በመስታወቱ አየኋቸው፤ ወደ ውጭ ያያሉ።

«ግን ለምን እጅሽን አላወጣሽም? ሽንት ቤት አትይም ነበር?»

«አባባ አትነሺ ብሏል» አለች። ቀጥላም «ኤሊዋም ነበረች» አለች።

«የቷ ኤሊ?»

«ቴስቱ ላይ። ኤሊዋ ፍሊፕ አደረገች፣ በጀርባ። ፀሐይ በጣም ሆት ነው። እግሯ እንዲህ እንዲህ ይላል። ማንም የለም።» እጆቿን በአየር ላይ አወራጨች። «ውሃ ሊኖር ነው፣ ግን ሩቅ።»

ፈተናው ላይ እንድታነበው የተሰጣት ታሪክ ነው። በረሃ ውስጥ የምትኖር ኤሊ በጀርባዋ ወድቃ መነሳት አቅቷታል። እንደዚያ ያለ ኤሊ እኛም በረሃ ውስጥ አለ፤ እሷም አይታ ታውቃለች።

«ከዚያስ?» አልኳት።

«ከዚያ አላውቅም። እዚያ ጋ ነው... » አለችና ወደ ሱሪዋ አየች። እዚያ ጋ ነው ሱሪዋ የራሰው።

መቼም ልጄን አውቃታለሁ። መጽሐፍ ስሰጣት ስንት ገጽ እንደቀረ ነው የምትቆጥረው። ያነበበችው ነገር ቀጥሎ ምን እንደሚሆን አስጨንቋት ሳይ ያ የመጀመሪያዬ ነው። ለአንድ አፍታ ድካሙም ጠፋልኝ።

«ኮምፒውተሩ ካቆምኩበት ነው የሚጀምረው?» አለችኝ።

«እንደዚያ ብለዋል።»

ቀበቶዋን ፈታች። ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወረደችና ማንንም ሳታይ፣ ቶሎ ቶሎ እየተራመደች ገባች። አባባ በሩ እስኪዘጋባት ድረስ በዓይናቸው ሸኟት።

ውጤቱን አስቀድሜ ልናገር፤ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ እሱን ነው። ትምህርት ከተዘጋ በኋላ በስልክ መጣ። ሒሳቡ እንደ ልማዱ አረንጓዴ ነው። ንባቡም መስመሩን ለጥቂት አልፎ አረንጓዴ ሆኗል። አራተኛ ክፍል ገባች። ባለቤቴ ሥራ ቦታ ስለነበረች ፎጣ አፏ ላይ ይዛ ነው እልል ያለችው። አባባ ደብረ ብርሃን ድረስ እየደወሉ «አለፈች» አሉ፤ ስለ ወንበሩ ለማንም አላወሩም። ትምህርት ቤቱም ኮከቡ አልጎደለበትም። እኔም ደስ ብሎኛል፤ አልዋሽም። ነገር ግን ያ ፈተና ሲነሳ የሚታየኝ አረንጓዴው አይደለም። የሚታየኝ ፈተናውን የጨረሰችበት የዚያ ሁለተኛ ቀን ከሰዓት ነው።

ልናመጣት ስንሄድ አባባም አብረውኝ ነበሩ። ከሩቅ እግሯን እየጎተተች ስትመጣ ቶሎ ብዬ ሱሪዋን አየሁ። ደረቅ ነው። ገብታ አያቷ አጠገብ ተቀመጠችና በሩን ወርውራ ዘጋችው።

«እንዴት ነበር?» አልኳት።

«ኤሊዋ የለችም።»

ፈተናው አንዴ ቆሞ ካደረ ያለፈው ገጽ ተመልሶ አይከፈትም ኖሯል። ኮምፒውተሩ የጀመረላት ከሚቀጥለው ታሪክ ነው፤ ስለ ንብ የሆነ ነገር። እጇን አውጥታ ረዳቷን ጠይቃታለች። ረዳቷ ግን ፈተናው ውስጥ ስላለው ነገር ከልጆቹ ጋር ማውራት አይፈቀድላትም፤ «ሶሪ» ብላ ጀርባዋን መታ መታ አድርጋት ሄደች። ልጄም የንቡን አነበበች፤ ጥያቄውን መለሰች፤ «ጨርሻለሁ» የሚለውን ራሷ ነክታ ወጣች። ይህን ሁሉ ነግራን ስታበቃ ለቅሶዋን ለቀቀችው። ለወንበሩ ያላለቀሰች ልጅ ለኤሊ አለቀሰች።

ስልኬን አውጥቼ የተገለበጠች ኤሊ ታሪክ መፈለግ ጀመርኩ። ዓይኔ ይጨፈናል፤ ፊደሉ ይደራረብብኛል። ዓለም ላይ ያለው የኤሊ ታሪክ ብዛቱ! አንዱን አነበብኩላት። «አይደለም» አለች። ሌላ አነበብኩላት። «አይደለም ዳዲ፣ የእኔዋ ብቻዋን ናት።» ሦስተኛውን ጀምሬ ራሴው ተውኩት።

አባባ ወደ እሷ ጠጋ አሉ። «ነይ፣ እኔ ልጨርስልሽ» አሉ። ያ የአዳራሹ ድምፃቸው አይደለም፤ እንደዚያ ሲያወሩ ሰምቻቸው አላውቅም። «ከዚያ ከተራራው በኩል ደመና መጣ። ዝናቡ ወረደ። ጎርፉ ቀስ ብሎ ከጀርባዋ ስር ገባና አነሳት፣ አነሳት፣ ገልበጥ አድርጎ በእግሯ አቆማት። እሷም አንገቷን አውጥታ ውሃውን ጠጣች። ጠጥታ፣ ጠጥታ፣ ወደ ጉድጓዷ ሄደች።»

ጥሩ አድርገው ነው የነገሯት። እኔ እንኳ አምኜ ነበር።

ልጄ እስኪጨርሱ ጠበቀቻቸው። እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። ከዚያም እንዳይከፋቸው ብላ ይመስለኛል፣ እጃቸውን ያዝ አደረገች።

«አንተ አታውቅም፣ አባባ» አለቻቸው። «ቴስቱ ብቻ ነው የሚያውቀው።»